ፕሬዚዳንቱን ማን ያወርደዋል?

ስለ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሹመት ላይ ይሽከረከራል። ፕሬዚዳንቱ ተወዳድሮ ነው የመጣው ወይስ ተመድቦ? የየት አካባቢ ሰው ነው? ከማን ጋር ይግባባል? በመምህራን ላውንጅም ሆነ በፌስቡክ የምንነታረከው በዚሁ ነው። እኔን ግን በመምህርነት በቆየሁ ቁጥር ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው ነገ ጠዋት በማን ደብዳቤ ይነሳል? ምክንያቱስ ይነገረዋል? አቤት የሚልበት ቦታ አለው?

የዚህን መልስ ካወቅኩ የተቀረውን መገመት አያቅተኝም። ሴኔቱ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉዳዮች ጉባኤ፣ ከልቡ ይከራከራል ወይስ ያለቀለትን ነገር ያጸድቃል? ዲኑ የመምህራኑን ሐሳብ ይሰማል ወይስ ስልክ ይጠብቃል? ቅጥሩ በውጤት ነው ወይስ በሰው? ሁሉም ከአንድ ቦታ ይመነጫል። የዩኒቨርሲቲ መሪ ዓይኑ የሚያርፈው ሊያወርደው በሚችለው ሰው ፊት ላይ ነው። ክፉ ሰው መሆን አይጠበቅበትም። ልጆች አሉት፣ ስም አለው፣ ነገም መኖር አለበት። አብዛኞቻችን እዚያ ወንበር ላይ ብንቀመጥ ከዚህ የተለየ ነገር ማድረጋችንን እጠራጠራለሁ።

ፖለቲካ ዩኒቨርሲቲ ገባ ሲባል ቶሎ የሚታየን ቆመጥና ጠመንጃ ነው። እንዲህ እንድናስብ ያደረገን ታሪካችን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ማስተማር ሲጀምር ካናዳዊው የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህን ሉሲየን ማት ይመሩት ነበር። በ1954 ዓ.ም ኮሌጆቹ ተሰባስበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ቻንስለሩም፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ፣ ራሳቸው ሆኑ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግስቱ አስከሬኑን ከብበው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ስድስት ኪሎ ግቢ ገብተው ተኮሱ። ቤተ መንግሥቱን የሰጠውና ወታደሩን የላከው አንድ መንግሥት ነው።

ደርግ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በ1967 ዓ.ም ተማሪውና መምህሩ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ሲከፈት ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ለሁሉም ግዴታ ሆኖ ጠበቀው። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ጋሊ ሲመጡ ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ ተቃውመው ወጡ። ተኩስ ተከፈተባቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ 42 መምህራን ተባረሩ፤ ታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም ተማሪዎች ያነሱትን ጥያቄ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ጋዜጣችን ይመለስልን፣ ማኅበራችን ነፃ ይሁን ነበር ያሉት። የግርግሩ መጨረሻ የብዙ ሰው ሞት ሆነ።

እነዚህ ቀኖች ሊረሱ አይገባም። የሞቱት የሰው ልጆች ናቸው። ግን በነዚህ ቀኖች መካከል ረጃጅም ዓመታት አሉ። ተኩስ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ክፍል ይገባል፣ ፈተና ይታረማል። ፖለቲካው ግን ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። በደብዳቤ፣ በስብሰባና በስልክ ሥራውን ይሠራል። እኔ የኖርኩት በአብዛኛው እነዚህን ዓመታት ስለሆነ ስለነሱ ልናገር።

በአንድ ወቅት ባስተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ምርጫ ነበር። ጠባብ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ሦስት ሰዎች ተጠቆሙ። ድምፁ በቁራጭ ወረቀት ተሰጠ። አንዱ ወረቀቶቹን እየገለጠ ስም ይጠራል፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጭራል፤ አራት ቋሚ፣ በላዩ አንድ አግድም። ያሸነፈችው ተማሪዎቿ የሚወዷት፣ ምርምሯን በየጊዜው የምታሳትም፣ ያልመሰላትን ነገር ፊት ለፊት የምትናገር መምህርት ናት። ልዩነቱ ሰፊ ስለነበር ድጋሚ ቁጠራ የጠየቀ አልነበረም። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ሁላችንም ፈረምን፣ ወደ ዲን ቢሮ ተላከ።

ከዚያ ዝም። ስትጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» ይሏታል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ደብዳቤ መጣ። የተሾመው በድምፅ ሦስተኛ የወጣው ነው። ደብዳቤው ላይ ምክንያት የሚባል ነገር የለም። ስም፣ ቀን፣ የሥራ መደብ፣ «ከሰላምታ ጋር»፣ ማኅተም። ተወክለን ዲኑን ለማነጋገር ሄድን። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በሩን ዘጋ። ወንበር ስቦ አጠገባችን ተቀመጠ። ጠረጴዛው ጀርባ መቀመጥ የከበደው ይመስል ነበር። «እኔም ተነግሮኝ ነው» አለን። «እናንተ ብታስጨንቁኝ የምቀየረው እኔ ነኝ። የሚመጣው ሰው ደግሞ ቢሮ እንኳን አያስገባችሁም።» የተናገረው እውነት ነበር። ተነስተን ወጣን።

የትምህርት ክፍል ኃላፊ ምን ሥልጣን አለውና ይህን ያህል ይወራለታል የሚል ይኖራል። ገንዘብ የለውም፣ መኪና የለውም። ግን ማን የትኛውን ኮርስ እንደሚያስተምር የሚደለድለው እሱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ይመድባል። የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጣል። ለሦስተኛ ዲግሪ ማን ቀድሞ ይሂድ ሲባል የመጀመሪያው ፊርማ የሱ ነው። በቅሬታ የመጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሱን በር ነው። የዩኒቨርሲቲ ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሪባን ይቆርጣል፤ ትምህርቱ የሚኖረውም የሚሞተውም በዲፓርትመንት ደረጃ ነው።

በዚያ ምርጫ ላይ የፓርቲ ስም የጠራ ሰው የለም። ማስፈራራትም አልነበረም። በሚቀጥለው ምርጫ ግን ከመምህራኑ ብዙዎቹ አልመጡም። ያቺ መምህርት አሁንም ታስተምራለች፤ ክፍሏን ጨርሳ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በስብሰባ ላይ እጇን ስታነሳ ካየሁ ቆየሁ። እኔ ፖለቲካ ዩኒቨርሲቲን ጎዳ ስል በዋናነት የማስበው ይህንን ነው።

የሰንሰለቱን አሠራር ለማየት ሕጉን መግለጥ ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ከዚያ ወዲህ የወጡት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች፣ ማለትም 351/1995፣ 650/2001 እና 1152/2011፣ ስለ አካዳሚክ ነፃነት መልካም መልካም ነገር ጽፈዋል። ወደ አስተዳደሩ ክፍል ስትደርሱ ግን ነገሩ ይቀየራል። በ1152/2011 የተተካውን 650/2001ን ብንወስድ የቦርዱን አባላት የሚሾመው ሚኒስቴሩ ነበር። ቦርዱ ዕጩዎችን አጣርቶ ያቀርባል፤ ከነሱ ውስጥ ፕሬዚዳንቱን መርጦ የሚሾመው ደግሞ ሚኒስትሩ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ከሥሩ ያሉትን ያሰማራል፣ ዲኑ የኃላፊዎቹን ሹመት ያያል። እንግዲህ ያ ዲን በሩን ዘግቶ የነገረን ይህንኑ ሰንሰለት ነበር።

ቦርዱ በመሃል ቆሞ መከላከል ነበረበት። የቦርድ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከመንግሥት የሚመጣውን ግፊት አለዝቦ፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣውን ስንፍናም ገርቶ ማሳለፍ። ለዓመታት ያየነው ግን የቦርድ ሰብሳቢነት ለሚኒስትሮች፣ ለሚኒስትር ዴኤታዎችና ለክልል ባለሥልጣናት የሚሰጥ ተጨማሪ ሥራ ሲሆን ነው። ሥራ የበዛበት ባለሥልጣን በዓመት ጥቂት ቀን ብቅ ይላል። ሪፖርት ይሰማል፣ ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ይጎበኛል፣ ይሄዳል። ስለ ሥርዓተ ትምህርት፣ ስለ ላቦራቶሪ፣ ስለ መምህራን ፍልሰት ረጋ ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ከየት ያመጣል? በሌላ በኩል ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የሚመልሰው ለቦርድ ሰብሳቢ ነው ወይስ በፖለቲካው ለሚበልጠው አለቃ? አንድ ሰው ሁለቱንም ሲሆን ጥያቄው ራሱ ትርጉም ያጣል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ውክልና ነው። ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፕሬዚዳንት ወይም ምክትል ፕሬዚዳንት ሲነሳ ቦታው በተጠባባቂ ይሸፈናል። ለጥቂት ወራት ቢሆን ያስኬዳል። ግን ተጠባባቂው ዓመት ይደፍናል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ተጠባባቂ ሰው የሥራ ዘመን የለውም። ተወዳድሮ ያሸነፈው ነገር የለም። ውክልናው ዛሬ ማታ ቢነሳ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት መሠረት የለውም። ስለዚህ ለማንም እንቢ አይልም። ቅጠሩ የተባለውን ይቀጥራል፣ አዳራሽ ልቀቁ ሲባል ይለቃል፣ ተማሪ ለሰልፍ ይውጣ ሲባል አውቶቡስ ያዘጋጃል። ይህን እያየሁ አንድ ነገር ገባኝ። ሕግ ሳይጣስ፣ ማንም ሳይታሰር፣ ወንበሩን በተጠባባቂ ይዞ በማቆየት ብቻ አንድን ዩኒቨርሲቲ በእጅ ማስገባት ይቻላል።

ሹመት በአንድ ደብዳቤ የሚነሳ ነገር ሲሆን ሰው ከወንበሩ ጋር ያለው ግንኙነትም ይበላሻል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ያመጣብን ይህ ይመስለኛል። ነገ መኖሩን የማያውቅ ኃላፊ የአሥር ዓመት ዕቅድ አያቅድም። ዛፍ አይተክልም፣ ቤተ መጻሕፍት አያደራጅም፣ ወጣት መምህራንን ለማሠልጠን ገንዘብ አይመድብም። ፍሬው የሚታየው እሱ ከሄደ በኋላ ነዋ! ቶሎ የሚታየውን ይሠራል፤ በር ያሳምራል፣ አጥር ያጥራል። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረ ስምምነት በፕሬዚዳንት ለውጥ ምክንያት ፊርማ አጥቶ ሲሞት አይቻለሁ። ተማሪዎች ሊሄዱ ዝግጅት ጨርሰው ነበር። የሌላው አገር ሰዎች ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ኢሜይል ጻፉ። ማን ይመልስላቸው? አዲሱ ተጠባባቂ ፋይሉ የት እንዳለ አያውቅም፣ የወጣው ሰው ስልክ አያነሳም።

ጫናው ከአራት ኪሎ ብቻ የሚመጣ አድርገን ካወራን ግን ግማሹን እውነት ደበቅን ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም አካባቢ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም የነበራቸው አዲስ አበባና አለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 50 ይጠጋሉ። አብዛኞቹ የተከፈቱት ዞኑ ይገባኛል፣ ከተማው ይገባኛል በሚል የፖለቲካ ጥያቄና ምላሽ ነው። ለገጠሩ ልጅ በር የከፈተ ነገር ስለሆነ እኔ በመስፋፋቱ አልከፋም። ግን አካባቢው ዩኒቨርሲቲውን እንደ ድርሻው ተቀበለው። ድርሻ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ እኔ ነኝ ማለት ይመጣል። ፕሬዚዳንቱ የአካባቢው ተወላጅ ካልሆነ ሽማግሌ ይላካል፣ ወጣት ይሰለፋል፣ የዞኑ አስተዳዳሪ ይደውላል። የጥበቃና የጽዳት ቅጥር ለነማን፣ የካፌው አቅርቦት ለየትኛው ማኅበር፣ የግንባታው ጨረታ ለማን የሚለው ሁሉ የዞን ፖለቲካ ይሆናል።

ከሌላ ክልል መጥተው ለአሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገሉ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የለመዱ፣ እዚያው ወልደው የከበዱ መምህራን አውቃለሁ። ለኃላፊነት ሲታጩ «እሱ እንግዳ ነው» ይባላል። አንዱ ወዳጄ ማመልከቻውን ጽፎ ጨርሶ ሳያስገባው ቀረ። ሚስቱ ናት የከለከለችው። «ተወው፣ ልጆቹ ሰላም ይማሩ» አለችው። የዕውቀት ቤት ሰውን በትውልድ ሰፈሩ ከመዘነ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት በምን ይለያል? ይህን የምለው ተናድጄ ነው፤ ንዴቴንም አልደብቅም። የፌዴራሉን ጣልቃ ገብነት በብርቱ የሚቃወሙ ሰዎች ይህኛውን «የሕዝብ ጥያቄ» ብለው ሲያልፉት መስማት ይከብደኛል።

እንቢ ማለት የማይችል ተቋም ምን እንደሚሆን ለማየት 70/30ን ማስታወስ ይበቃል። በ2000 ዓ.ም ገደማ መንግሥት ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብዓዊ ጥናት እንዲመደቡ ወሰነ። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ ሐሳቡን በጭፍን አላጣጥልም። ግን ላቦራቶሪ ሳይኖር፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው መምህር ሳይበቃ፣ ወርክሾፑ ሳይሠራ ቁጥሩ ተላከ። በየግቢው ይህ እንደማያስኬድ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በሻይ ሰዓት በግልጽ ይናገሩት ነበር። ሴኔት ተቀምጦ «ይህን ያህል ተማሪ አንቀበልም፣ ዕቃውን አስቀድማችሁ ላኩ» ብሎ በአደባባይ የወሰነ ዩኒቨርሲቲ ግን አላየሁም። አንድ የሙከራ ጠረጴዛ ከብበው የቆሙ ተማሪዎች አስታውሳለሁ። ፊት የቆሙት ሽቦውን ይነካሉ። ከኋላ ያሉት በትከሻ መሃል አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ጥግ ላይ ያሉት ደግሞ ውጤቱን ከጓደኛቸው ደብተር ይገለብጣሉ። እነዚያ ልጆች በኢንጂነሪንግ ተመርቀዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡትም በዚሁ መንገድ ነው የመጡት። ቢፒአር የተባለው የመሥሪያ ቤት አሠራርን እንደ አዲስ የማዋቀር ፕሮግራም መጣ፣ የለውጥ ሠራዊት መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ። ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ለአምስት ተደራጅቶ ሳምንታዊ ቅጽ ይሞላ ነበር። ተማሪውም በአንድ ለአምስት ተጠረነፈ። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ቀርተው ቆይተው በ2012 ዓ.ም ተመለሱ። ሲቀሩም ሲመለሱም ውሳኔው ከላይ ነበር። የመመለሱን ነገር እኔ እደግፋለሁ። ግን ትክክለኛው ነገር እንኳን በትእዛዝ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው የሚለማመደው መታዘዝን ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ መከራከሪያ አለ፤ ተገቢም ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው መንግሥት አይደለም እንዴ? ግብር ከፋዩን ወክሎ አቅጣጫ መስጠት መብቱ አይደለም? ነው። ስንት ተማሪ ይማር፣ ለጤናና ለግብርና ስንት ይመደብ፣ ሒሳቡ በየዓመቱ ይመርመር፣ የሰረቀ ይከሰስ፣ ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው። የ2015ቱ የመውጫ ፈተና እንኳን፣ ስንቱ ቢማረርበትም፣ መንግሥት ጥራትን የመጠየቅ መብት እንዳለው እቀበላለሁ። መብቱ የማይደርስበት ቦታ ግን አለ። ማን ምን ያስተምር፣ ለማን ምን ውጤት ይሰጥ፣ የትኛው የምርምር ውጤት ይታተም፣ የትኛው ምሁር የትኛውን ወንበር ይያዝ የሚለው የሙያው ባለቤቶች ጉዳይ ነው። የሆስፒታሉን በጀት የሚከፍል ሰው ቀዶ ሐኪሙ እጅ ላይ ያለውን ምላጭ አይመራም።

ችግሩ የኛ ብቻ አለመሆኑ አያጽናናም፣ ግን ያስተምራል። የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን የማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ምክትል ቻንስለር ፍራንክ ካሊሙዞ በ1972 እ.ኤ.አ. ተወስደው አልተመለሱም። በኬንያ ዳንኤል አራፕ ሞይ የሁሉም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቻንስለር ነበሩ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቅርቡ የቱርክ ታሪክ ነው። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በቱርክ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ለሬክተር፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲው መሪ፣ ድምፅ ይሰጡ ነበር። ከመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው በኋላ በወጣ ድንጋጌ ምርጫው ተሻረ፤ ሹመቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ሆነ። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኤርዶጋን መሊህ ቡሉ የተባሉትን ሰው የቦአዚቺ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር አድርገው ሾሙ። ሰውየው በገዢው ፓርቲ በኩል ለፓርላማ ለመወዳደር የሞከሩ ናቸው። መምህራኑ በየሥራ ቀኑ እኩለ ቀን ላይ የአካዳሚክ ጋዋናቸውን ለብሰው ወጡ፤ ለሬክተሩ ቢሮ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆሙ ነበር። ተማሪዎች ታሰሩ። ከዚያ በሐምሌ ወር ቡሉ ተነሱ። ያነሷቸው ማን ናቸው? የሾሟቸው ሰውዬ፣ በሌሊት በታተመ አንድ ውሳኔ። መምህራኑ ሲጮሁ የከረሙት እንዲነሱላቸው ነበር፤ ሲነሱ ግን የተቀየረ ነገር አልነበረም። የሚቀጥለውንም የሾመው ያው እጅ ነው።

ሃንጋሪ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። በ2021 እ.ኤ.አ. አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለፋውንዴሽኖች ተላለፉ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ከመንግሥት እጅ ወጡ ማለት ነው። ነገር ግን በባለአደራ ቦርዶቹ ውስጥ ሚኒስትሮችና የገዢው ፓርቲ ሰዎች ያለ ጊዜ ገደብ ተቀመጡ። መንግሥት በምርጫ ቢቀየር እንኳን እነሱ እንዳይነሱ ተደርጎ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ለነዚህ ተቋማት ከኢራስመስ የተማሪ ልውውጥና ከሆራይዘን የምርምር ፕሮግራሞች አዲስ ገንዘብ እንዳይሰጥ አገደ። ጥፋቱ ሳይኖራቸው የከፈሉት ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ናቸው።

የሃንጋሪን ታሪክ ያነሳሁት እኛም ራስ ገዝ የሚባለውን መንገድ ስለጀመርን ነው። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ 1294/2015 ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል፤ ሌሎችም በተራቸው እንደሚከተሉ ተነግሯል። እኔ ደግፌዋለሁ። ዛሬም እደግፋለሁ። ግን በየመድረኩ የሚወራውን ስሰማ ጨዋታው ሁሉ ስለ ገንዘብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ገቢ ያመንጭ፣ ተማሪ ይክፈል፣ ሕንፃ ይከራይ። ክፍያውን የማይችለው ልጅ ጉዳይ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ራሱን የሚቀልብ ሆኖ ራሱን የማያስተዳድር ተቋም ግን ሊኖር ይችላል። መንግሥት ከበጀቱ ወጥቶ ከሹመቱ ካልወጣ ሁለቱንም አጣን።

ስለ ራሳችን፣ ስለ መምህራኑም አንድ ነገር ልበል። የፖለቲካው እጅ ብቻውን አይገባም፤ ከውስጥ የሚጎትተው አለ። ማስታወቂያ ሲወጣ የትምህርት ማስረጃውን ከማዘጋጀቱ በፊት ስልክ መደወል የሚጀምር ባልደረባ ሁላችንም እናውቃለን። በሴኔት የተሸነፈበትን ነገር ለሚኒስቴር በማመልከቻ የሚያስቀለብስም አለ። የራሱ ወገን ሲሾም ዝም የሚል፣ የሌላው ሲሾም ስለ አካዳሚክ ነፃነት ሌሊቱን ሙሉ የሚጽፍም አለ። ነፃነቱን የምንፈልገው ለሁላችንም ካልሆነ ማንም አይሰጠንም። ይህን ወጣት ባልደረቦቼ ፊት ደጋግሜ እላለሁ፣ አንዳንዶቹ ይከፋቸዋል።

ምርጫ ብቻውን ያድነናል የሚሉም አሉ። እኔ አላምንበትም። የመምህራን ድምፅ በብሔር ሲሰለፍ አይቻለሁና። ተወዳድሮ፣ በውጭ ገምጋሚም ታይቶ፣ በቦርድ መሾም ለኔ በቂ ነው። የምሟገተው ከሹመቱ ቀጥሎ ስላለው ነው። የሥራ ዘመኑ በግልጽ ይቆጠር። ከዚያ በፊት ለማንሳት በጽሑፍ የተሰጠ ምክንያት፣ ሰውየው መልስ የሚሰጥበት ዕድል፣ ሴኔቱ አስተያየት የሚሰጥበት መድረክ ይኑር። ውሳኔው ለግቢው ማኅበረሰብ ይነበብ። ውክልና ከጥቂት ወራት አይለፍ፤ ካለፈ በራሱ ይሙትና ማስታወቂያ ይውጣ። የፓርቲ ወይም የመንግሥት ሹመት ያለው ሰው የቦርድ ሰብሳቢ አይሁን። ለዲኑም፣ ለትምህርት ክፍል ኃላፊውም እንደዚሁ፤ ድምፅ የሰጡ ሰዎች ምርጫቸው ለምን እንደተሻረ በፊርማና በማኅተም ይነገራቸው። ይህን ለማድረግ ብድርም የውጭ አማካሪም አያስፈልግም። በአንድ ደንብ ውስጥ የሚገቡ ጥቂት አንቀጾች ናቸው።

የሚቀጥለው ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሲሆንና ደንቡ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ መግቢያውን፣ ራዕዩንና ተልዕኮውን ዘልዬ አንድ አንቀጽ እፈልጋለሁ። ፕሬዚዳንቱ ከሥራ ዘመኑ በፊት በማን፣ በምን ምክንያት፣ በምን ሥርዓት እንደሚነሳ የሚናገረውን። እናንተም ፈልጉት። አንቀጹ ከሌለ፣ ወይም በአንድ መስመር «እንደ አስፈላጊነቱ» ብሎ ካለፈው፣ በየስብሰባው እጃችንን አንስተን እንጠይቅ።